«የለም» ያለሽን ሰው ስሚው

ልጄ፣

በፋሲካ ዕለት ከገበታው ላይ የሆነውን ሰምቻለሁ። ሃምሳ አምስቱ ቀን ተጹሞ፣ ዶሮው ቀርቦ፣ ድፎው ተቆርሶ ሳለ ወንድምሽ «እኔ እንኳ እግዚአብሔር አለ ብዬ አላምንም» አለ። አባትሽ የያዘውን ጉርሻ መልሶ ተነሣ። አንቺ «ከሐዲ» አልሽው። እናትሽ ሁለታችሁንም እያየች አለቀሰች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከወንድምሽ ጋር ስልክ አልተደዋወላችሁም።

«አጎቴ፣ ሰው ስለ እግዚአብሔር መኖርና አለመኖር ለምን ይህን ያህል ይጣላል?» ብለሽ ስትጠይቂኝ በስልክ የሰጠሁሽ መልስ የችኮላ ነበር። ጥያቄሽ ግን ከእኔ ጋር ሰነበተ። በወጣትነቴ «የለም» ከሚሉት ጋር ቆሜ ተከራክሬያለሁ፤ ዛሬ ደግሞ አማኝ ነኝ። ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ የት ቆሜ እንደምናገር እንድታውቂ ነው። በሁለቱም ወገን ሳለሁ ያየሁትን በተራ በተራ ልጻፍልሽ።

1. ጥያቄውን እንደ መቅሠፍት አትቁጠሪው።

ወንድምሽ አዲስ ነገር አላመጣም። «የለም» የሚል ሰው በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ ተጠቅሷል፤ ዳዊት ይደግሙ የነበሩት ቅድመ አያቶችሽ ሐሳቡ በየሳምንቱ በአፋቸው ያልፍ ነበር። መስማቱ እምነታቸውን አላፈረሰውም።

እ.ኤ.አ. በ1078 ገደማ፣ ፈረንሳይ ውስጥ በቤክ ገዳም የሚኖር አንሰልም የሚባል መነኩሴ የእግዚአብሔርን መኖር በአእምሮ ብቻ ላስረዳ ብሎ አንድ መጽሐፍ ጻፈ። አነጋገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ እግዚአብሔር ማለት ከእርሱ የሚበልጥ ሊታሰብ የማይችል ማለት ነው፤ በሐሳብ ብቻ ካለው በእውነት ያለው ይበልጣል፤ ስለዚህ በእውነት አለ። ጋውኒሎ የሚባል ሌላ መነኩሴ አነበበውና ተቃወመው። እንዲህ ከሆነማ፣ አለ ጋውኒሎ፣ ከደሴቶች ሁሉ የሚበልጥ ደሴት በሐሳቤ ብሥል ደሴቱ በእውነት አለ ልል ነው። ጋውኒሎ ራሱ አማኝ ነበር፤ የተቃወመው እግዚአብሔርን ሳይሆን ማስረጃውን ነው። አንሰልም ምን አደረገ? የጋውኒሎ ተቃውሞና የራሱ መልስ ከመጽሐፉ ጋር አብረው እንዲገለበጡ አዘዘ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ያነበበ ሁሉ የባላጋራውንም ቃል አነበበ። በእምነቱ የተማመነ ሰው ተቃዋሚውን እንዲህ ከጎኑ ያስቀምጠዋል።

2. የካደው የትኛውን እንደሆነ ጠይቂው።

በሮም ዘመን የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች «አምላክ የለሾች» ተብለው ይከሰሱ ነበር። ጣዖት አልነበራቸውም፤ ለከተማው አማልክት አይሠዉም ነበርና ለሮማውያን ይህ ክሕደት ነበር። በሁለተኛው መቶ ዓመት የኖረው ሰማዕቱ ዮስጢኖስ ለክሱ መልስ ሲጽፍ አልሸሸም፦ ስለ እነዚህ አማልክት ከሆነ አዎን፣ ከሐዲዎች ነን፤ ስለ እውነተኛው አምላክ ግን አይደለንም የሚል ነበር መልሱ።

አየሽ ልጄ፣ «ከሐዲ» የሚለው ቃል አንድ ቀን በእኛም ላይ ተወርውሯል። ስለዚህ በወንድምሽ ላይ ከመወርወርሽ በፊት «የካድከው እንዴት ያለውን አምላክ ነው?» በይው። ምናልባት በልጅነቱ የተነገረው፣ ሲሳሳት ብቻ የሚያየው፣ በትር ይዞ በሩ ላይ የቆመ አምላክ ይሆናል። ያ ከሆነ እኔም አላምንበትም። ምናልባት ደግሞ በጭራሽ ፈጣሪ የሚባል የለም ማለቱ ይሆናል። ሁለቱ የተለያዩ ንግግሮች ናቸው፤ ለአንዱ የሚሰጠው መልስ ለሌላው አይሆንም።

3. ከቃሉ ሥር ሐዘን እንዳለ ፈልጊ።

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 1755 የፖርቱጋል ዋና ከተማ ሊዝበን በመሬት መንቀጥቀጥ ፈረሰች። ዕለቱ የቅዱሳን ሁሉ በዓል ነበርና ብዙው ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነበር። ጣሪያው በላዩ ወረደ፤ ለበዓሉ የተለኮሰው ሻማ ቃጠሎ አስነሣ፤ ወደ ወደቡ የሸሸውን ደግሞ ባሕሩ ተነሥቶ ወሰደው። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። «ሁሉ ነገር ለበጎ ነው» ይሉ የነበሩ ፈላስፎችን ቮልቴር በግጥም ሞገታቸው፤ ሕፃን በእናቱ ጡት ላይ ሲቀጠቀጥ በጎው የቱ ላይ ነው የሚል መንፈስ ያለው ግጥም ነው። ሩሶ በዓመቱ በደብዳቤ መለሰለት፦ ያን ሁሉ ሕንፃ በአንድ ቦታ የደረደረው ሰው ነው፤ ተፈጥሮን ብቻ አትክሰስ አለው። ሁለቱም ፈጣሪ አለ ባዮች ነበሩ። ያጣላቸው ሞቱ ነው።

ከሊዝበን ወደ ቤታችን ልመልስሽ። አንቺ ያላየሽው አጎትሽ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ በቀይ ሽብር ዘመን ደሴ ውስጥ ሲሞት ዕድሜው 19 ነበር። ያን ጊዜ እንዲህ ለሞተ ሰው ማልቀስ አይቻልም ነበር። ድንኳን አልተተከለም፤ ለቅሶ አልተቀመጥንም። አያትሽ፣ አንድ ቅዳሴ የማያመልጣት ሴት፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድ አቆመች። «እማዬ፣ እንግዲህ የለም ትያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። እኔ በዚያን ወቅት «የለም» ባይ ነበርኩና መልሷን በጉጉት ጠበቅሁ። «እንዴት የለም እላለሁ? ተጣልቼዋለሁ እንጂ» አለችኝ።

በድብቅ ሊያጽናኗት የመጡ ብዙዎች ነበሩ። አንዱ የሚወደውን ነው የሚወስደው አላት፤ ሌላው ኃጢአታችን ነው አላት። በእያንዳንዱ መልስ ፊቷ ይበልጥ ሲጠቁር አይቻለሁ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤታችን ግን በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ሰፌድ ይዛ ትመጣ ነበር። ለቅሶ መድረስ ስለማይቻል «ምስር ልለቅም መጣሁ» ትላለች። ሁለቱ ሰፌዱን በመካከላቸው አድርገው ጠጠሩን ከምስሩ እየለዩ እስኪመሽ ይቀመጣሉ። ስለ አላህም ስለ እግዚአብሔርም አንድ ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። አያትሽ ወደ ቤተ ክርስቲያን የተመለሰችው ከዓመት በላይ ቆይታ ነው። ማን እንደመለሳት ብትጠይቂኝ ከዚያ ሰፌድ የቀረበ ምክንያት የለኝም።

4. እናት «የለም»ን ስትሰማ የምትሰማውን እወቂ።

ከዚያ ሐዘን በፊት፣ የማርክሲስት ጥናት ክበብ ተማሪ ሳለሁ፣ አንድ እሑድ ማለዳ አያትሽ ነጠላዋን አጣፍታ ልትወጣ ስትል በር ላይ አገኘኋትና በቀይ ሽፋን ከታተመች ትንሽ መጽሐፍ የተማርኩትን ሁሉ ዘረገፍኩባት። ሰማችኝ፤ አልተቆጣችም። «እንዲህ የሚሉት ሰዎች ሲታመሙ ማን ይጠይቃቸዋል?» ብላ ብቻ ጠየቀችኝ። ከክርክሩ የሸሸች መስሎኝ ንቄ ሳቅሁ።

ያልሸሸች መሆኗ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በእኛ አገር እምነት ራስ ውስጥ ያለ ሐሳብ ብቻ አይደለም። የክርስትና ስምሽ፣ የክርስትና እናትሽ፣ የምትጾሚው ረቡዕና ዓርብ፣ የሰንበቴው ጽዋ፣ የምታገቢው ሰው፣ በመጨረሻም የምትቀበሪበት ግቢ ናቸው። ሙስሊሙም ጎረቤትሽ እንዲሁ በኒካሑ፣ በኢዱ፣ በጀናዛው ከወገኑ ጋር ተሳስሯል። ልጅ «አላምንም» ሲል እናት የምትሰማው «ከእናንተ ወጥቻለሁ» የሚለውን ነው። ወንድምሽ ስለ እግዚአብሔር መኖር ሲናገር እናትሽ ስለ ልጇ ቀብር እያሰበች ነበር። ለዚህ ነው ያለቀሰችው። አባትሽም ለዚህ ነው የተነሣው።

ይህን ያወቀ ሰው ሁለቱን ያነጋግራል። ወንድምሽን፣ ለእናቱ ከመከራከሪያው በፊት «ልጅሽ ነኝ፤ የትም አልሄድኩም» እንዲላት ምከሪው። እናትሽን ደግሞ፣ ልጇ ከቤት እንዳልወጣ፣ ጥያቄ እንደያዘ ብቻ እንድታየው እርጃት።

5. በእግዚአብሔር ስም የተሠራውን በደል አትሸፍኚ።

ብዙ ሰው «የለም» የሚለው በስሙ የሚናገሩትን አይቶ ነው። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱ አካል በቅብዐታቸው ምክንያት የተቀደሰ ነው ይል ነበር፤ የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንም የመንግሥት ሃይማኖት ነበረች፤ ሰፊ መሬትም ነበራት። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው ሰልፍ ከወጡት ተማሪዎች መካከል የቄስና የደብተራ ልጆች ነበሩ። ገባሩ ሲጨነቅ ዝም ያለውን ሰባኪ ያየ ወጣት ማርክስ እ.ኤ.አ. በ1844 ሃይማኖትን ከማደንዘዣ ጋር ያመሳሰለበትን አነጋገር ሲያገኝ የራሱን ሰፈር ያየ መሰለው። እኔም አንዱ ነበርኩ። በደሉን ማየታችን ስሕተት አልነበረም።

ሆኖም «የለም» የሚለው ወገን ሥልጣን ሲይዝ ምን እንደሆነም አይቻለሁ። ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ዓ.ም. ከመንበራቸው ወረዱ፤ በ1971 ዓ.ም. ተገደሉ። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳም በዚያው ዓመት ታፍነው ተወስደው ተገደሉ። ወደ ኋላ ብትሄጂ ዐፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 የካቶሊክን እምነት ተቀብለው በሕዝቡ ላይ ሊጭኑ ሞከሩ፤ አገር ደም ተፋሰሰ፤ በ1632 ለሕዝቡ የቀደመ እምነቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ። በዱላ ያመነም በዱላ የካደም ዱላው ሲነሣ ወደ ልቡ ይመለሳል። ስለዚህ ወንድምሽ በደል ሲቆጥርልሽ የተሠራውን «አልተሠራም» አትበይ። እውነቱን «እውነት ነው» በይው፤ ከዚያ በኋላ የምትናገሪውን ይሰማሻል።

6. ያልመሰከረልሽን በምስክርነት አትጥሪ።

አጽናፈ ዓለም ከአንድ ጅማሬ ተነሥቶ እየሰፋ ነው የሚለውን ሐሳብ ቀድመው ካመጡት አንዱ ጆርጅ ለሜትር የሚባል የቤልጂግ ካህን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1927 ስለ መስፋቱ፣ በ1931 ስለ ጅማሬው ጻፈ። እ.ኤ.አ. በ1951 የካቶሊክ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒየስ 12ኛ ይህ ሳይንስ የፍጥረትን ትምህርት የሚደግፍ አድርገው ተናገሩ። ለሜትር መደሰት ሲገባው ቅር አለው። ካህን ነው፤ እግዚአብሔር ዓለምን ፈጠረ ብሎ ያምናል፤ ግን ስሌቱ ስለ ቁስ እንጂ ስለ ፈጣሪ አይናገርም አለ። ነገ ስሌቱ ቢታረም እምነቱ አብሮ እንዲናጋ አልፈለገም።

በወዲያኛው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1961 ዩሪ ጋጋሪን ምድርን ዞሮ ሲመለስ፣ የሶቪየት ሰባኪዎች «ሰማይ ወጥቶ አምላክን አላየም» ማለት ጀመሩ። በክበባችን ይህን እንደ ትልቅ ማስረጃ ተቀብለነው ነበር። እግዚአብሔር ከደመና በላይ እንደ ሰገነት ላይ ሰው ተቀምጧል ብሎ ያስተማረ የቤተ ክርስቲያን ሊቅ ግን አላውቅም። የለሜትር ታማኝነትና የእኛ የክበብ ጩኸት ሲነጻጸሩ ዛሬም ያሳፍረኛል።

7. የክርክሩን መገንጠያ መንገድ እወቂ።

እ.ኤ.አ. በ1948 ሁለት እንግሊዛውያን በቢቢሲ ሬዲዮ በዚሁ ጉዳይ ተከራከሩ፤ አንዱ ኢየሱሳዊው ካህን ፍሬደሪክ ኮፕልስተን፣ ሁለተኛው ፈላስፋው በርትራንድ ራስል። ኮፕልስተን በዓለም ያለው ነገር ሁሉ ለመኖሩ ሌላ ምክንያት ይሻል፤ እንግዲህ ለጠቅላላው ምክንያት የሚሆን፣ እርሱ ግን ሌላ ምክንያት የማይሻ አንድ መኖር አለበት አለ። ራስል መለሰ፦ እያንዳንዱ ሰው እናት አለችው፤ ከዚህ ተነሥተን ግን የሰው ዘር በሙሉ አንዲት እናት አለችው አንልም። ለእርሱ ዓለም አለ፤ በቃ።

ሁለቱም የሚያውቁት ዓለም አንድ ነው፤ አንዱ የደበቀው መረጃ የለም። የተለያዩት «ይህ ሁሉ ለምን ኖረ?» የሚለው ጥያቄ መጠየቅ አለበት ወይስ የለበትም በሚለው ላይ ነው። አንዱ ያን ጥያቄ ሳይመልስ ማደር አይችልም፤ ሌላው ትርጉም አይሰጠውም። ብልህ ሰዎች ለሺህ ዓመት ተከራክረው ያልተስማሙበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። እንግዲህ ከወንድምሽ ጋር ስትቀመጪ መለያያችሁ የት ላይ እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ። እሱን ማግኘት ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው።

ጥያቄው የፈረንጅ ብቻ እንዳይመስልሽ። በግእዝ የተጻፈው ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ በተከዜ አጠገብ ዋሻ ውስጥ የተቀመጠ ሰው፣ ጸሎቴን የሚሰማ አለን? ብሎ ሲመረምር ያሳየናል። መርምሮም ፈጣሪ አለ ከሚለው ይደርሳል። ይህ መጽሐፍ ራሱ ክርክር አለበት፤ ጣሊያናዊው ኮንቲ ሮሲኒ መጽሐፉን የጻፈው በ19ኛው መቶ ዓመት እዚህ የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ሚስዮናዊ ነው ሲል እ.ኤ.አ. በ1920 ተከራከረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የኢትዮጵያዊ ነው ብለው ለዓመታት ተሟገቱ። ክርክሩ አልተቋጨም። የእኛ ቢሆን ደስ ይለኛል፤ ደስታዬ ግን ማስረጃ አይሆንም። ስለ መጽሐፍ ደራሲ እንዲህ የምንጠነቀቅ ከሆነ፣ ስለ ዓለም ደራሲ ስንናገር ይልቁንም ልንጠነቀቅ ይገባል።

8. የወንድምሽን ቃል እንደ አንድምታ መምህር አንብቢው።

የእኛ ሊቃውንት አንዱን ንባብ ይዘው «አንድም» እያሉ ሲተረጉሙት ታውቂያለሽ። የመጀመሪያው ትርጓሜ ሁለተኛውን አያባርረውም። ይህን ስል «አለ»ም «የለም»ም እኩል እውነት ናቸው ማለቴ አይደለም። ወይ አለ፣ ወይ የለም፤ ሁለቱ ሊታረቁ አይችሉም፤ እኔ አለ ብዬ አምናለሁ፤ በዚህም እሞታለሁ። የአንድምታው ትምህርት የሚጠቅምሽ ንግግሩን ለመረዳት ነው።

ወንድምሽ «አላምንም» ሲል፦ አንድም፣ የቀረበልኝ ማስረጃ አላረካኝም ማለቱ ነው። አንድም፣ ጸልዬ ያልተመለሰልኝ ነገር አለ ማለቱ ነው። አንድም፣ በስሙ የሚነግዱትን አይቼ ተጸየፍኩ ማለቱ ነው። አንድም፣ ያደግሁበትን ሳልመረምር መቀበል አቅቶኛል፤ ራሴን ችዬ ልቁም ማለቱ ነው። አንድም፣ በእውነት አስቦ አስቦ የለም ከሚለው ደርሷል ማለት ነው።

ለመጀመሪያው ማስረጃ ይዘሽ ተወያዪ። ለሁለተኛው ሰፌድ ይዘሽ ከአጠገቡ ተቀመጪ። ለሦስተኛው በደሉን እመኚለት። ለአራተኛው ጊዜ ስጪው። አምስተኛው ከሆነ ደግሞ ሐሳቡን አክብረሽ የራስሽን ንገሪው፤ እህትነትሽን ግን በመልሱ ላይ አታንጠልጥዪው።

ሰው ስለ እግዚአብሔር መኖር የሚጣላው ለምን እንደሆነ ጠይቀሽኝ ነበር። ጥያቄው ትልቅ ስለሆነ ነው፤ ሞታችንን፣ ፍርዳችንን፣ ወገናችንን፣ ተስፋችንን ሁሉ አንድ ላይ ስለሚነካ ነው። አንዱ ስለ አንዱ ሲናገር ሌላው ስለ ሌላው ይመልሳል፤ በመካከሉ ጠብ ይገባል። አንቺም በፋሲካው ዕለት ከአምስቱ ለየትኛው እንደመለስሽለት አታውቂም፤ አልጠየቅሽውማ።

በዓለ ሃምሳው ገና አላለቀም። ለወንድምሽ ደውዪለት። «ከሐዲ» ስላልኩህ ይቅር በለኝ በይው፤ ከዚያም ምን ማለትህ ነበር ብለሽ ጠይቂውና እስኪጨርስ ስሚው።